ቀኑን ሙሉ የሚሮጠው ውሻ ለምን አልተኛም? የአንድ ደች ሼፐርድ የጉዳይ ጥናት

ደች ሼፐርድ የሚባለው የሆላንድ እረኛ ውሻ አስቸገረኝ ያለ ሰው መጀመሪያ የሚሰጠው ምክር ይታወቃል። «አስሩጠው፣ ይደክመዋል፣ ይተኛል።» ምክሩ ለብዙ ውሻ ይሠራል። እዚህ የማስቀምጠው ግን ያልሠራበትን፣ እንዲያውም ነገሩን ያባሰበትን አንድ ጉዳይ ነው። የሆነው ኔዘርላንድስ ውስጥ፣ በውሻው በራሱ አገር ነው። የቤተሰቡን ስም፣ ከተማቸውንና የውሻውን ስም አልጽፍም። እነሱ እንድጽፈው ፈቅደዋል፤ የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፣ ውሻውን ክፉ አድርጌ እንዳላቀርበው። ክፉም አልነበረም።

## ቤተሰቡና ውሻው

ባልና ሚስት፣ የ11 ዓመት ሴት ልጅና የ7 ዓመት ወንድ ልጅ። ጌልደርላንድ በሚባለው ክፍለ ሀገር ውስጥ፣ ጎን ለጎን ከተደረደሩ ቤቶች በአንዱ ይኖራሉ። ከፊት ወደ መንገድ የሚያሳይ ትልቅ መስኮት አለ። ከኋላ ጠበብ ያለ ግቢ፣ በግቢው ጫፍ የሽቦ አጥር፣ ከአጥሩ ማዶ የብስክሌት መንገድ። ይህን አቀማመጥ ያዙት፤ ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው ያለው።

ውሻው ወንድ ነው። ጸጉሩ ሻካራ፣ ቅንድቡና ጢሙ ጎፈር ያለ፣ መልኩ ወርቃማ ሆኖ በጥቁር የተዥጎረጎረ። ከአርቢ የገዙት በ8 ሳምንቱ ነው። ከቆዳው ሥር የሚቀበር የመለያ ቺፕ ነበረው፣ ፓስፖርት ነበረው፣ የወላጆቹ የጤና ምርመራ ወረቀት ተያይዟል። በሆላንድ ሕግ ቡችላ 7 ሳምንት ሳይሞላው ከእናቱ አይለይም፣ ቺፕም ግዴታ ነው። በዚህ በኩል ሁሉም ነገር ንጹሕ ነበር።

ለምን ይህን ዝርያ መረጡ? ታማኝ፣ ብልህ፣ ጤነኛ፣ ከልጆች ጋር የሚኖር የሚል አንብበው ነው። ያነበቡት ውሸት አልነበረም። ግን ዝርያው ለምን እንደተፈጠረ የሚናገረውን ክፍል ሁሉም ሰው እንደ ታሪክ አንብቦ ያልፈዋል፤ እነሱም አለፉት። ቁልፉ እዚያ ስለነበረ እኔ እሱን ላስቀድም።

## ይህ ውሻ ምን ሲሠራ ኖረ?

በ19ኛው ክፍለ ዘመን በሆላንድ ገጠር ይህ ውሻ ያልሠራው ሥራ የለም። ላሞችን ለመታለብ ያመጣል፣ ጋሪ ይስባል፣ ዶሮዎቹን ከጓሮ አትክልት ያባርራል፣ እንግዳ ሰው ሲመጣ ይጮኻል። ዋናው ሥራው ግን በግ ነበር።

እረኛ ውሻ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ቦርደር ኮሊን ነው። ከሩቅ ዞሮ፣ አጎንብሶ፣ በዓይኑ እያስፈራራ በጎቹን ሰብስቦ ወደ ሰውየው ያመጣል። ደች ሼፐርድ እንዲህ አይሠራም። መንጋው በሚግጥበት መሬትና በሰብሉ ማሳ መካከል ያለውን መስመር ይይዝና በዚያ ላይ ይመላለሳል። ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ ቀኑን ሙሉ። በግ መስመሩን ልታልፍ ስትል ይመልሳታል። እምቢ ካለች ተረከዟ አካባቢ ቆንጠር ያደርጋታል። እረኛው አጠገቡ ላይኖር ስለሚችል ብዙውን ውሳኔ ራሱ ነው የሚወስነው። ማታ መንጋው ሲገባ ሥራው ያበቃል፣ ይተኛል።

ከዚያ በ1900 አካባቢ (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ሰው ሠራሽ ማዳበሪያ መጣ፤ መንጋ ሲግጥበት የኖረው ጠፍ መሬት እየታረሰ ማሳ ሆነ፣ መንጋው ቀነሰ፣ ውሻውም ሥራ ፈታ። የዝርያው የመጀመሪያ መመዘኛ የወጣው ጁን 12 ቀን 1898 ነው፤ የዝርያው ማኅበርም የተቋቋመው በዚያው ዓመት ነው። መጀመሪያ ላይ መልኩ ብዙ ዓይነት ነበር። በ1914 ከጀርመንና ከቤልጅግ እረኛ ውሾች በግልጽ እንዲለይ ዥንጉርጉሩ ብቻ እንዲቀር ተወሰነ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ እርባታው ከመቆም አልተናነሰም፤ ከጦርነቱ በኋላ ዝርያውን ለማዳን ከሌላ ውሻ ደም ተጨመረበት።

በጉን ያጣው ውሻ ግን ሌላ ሥራ አገኘ። ፖሊሱ ወደደው። በ1907 የተመሠረተው የሆላንድ ፖሊስ ውሻ ማኅበር ዛሬም ድረስ ማሊንዋ ከሚባለው የቤልጅግ እረኛ ውሻ ጋር የተዳቀሉትን ጨምሮ በርካታ እንዲህ ያሉ ውሾችን ያሠለጥናል። ወንዱ ከ57 እስከ 62፣ ሴቷ ከ55 እስከ 60 ሴንቲ ሜትር ቁመት አላቸው። ያን ያህል ግዙፍ አይደሉም። ጉልበታቸው ያለው አለመሰልቸታቸው ላይ ነው፤ አንድን ነገር ሺህ ጊዜ ቢደግሙት እንደ መጀመሪያው ያደርጉታል። ይህ ጠባይ ማሳ ዳር በረከት ነው። የከተማ ቤት ውስጥ ደግሞ ምን እንደሚመስል አሁን እናያለን።

## ችግሩ

ሲጀምር ማንም አላስተዋለውም። 7 ወር ገደማ ሲሆነው በሽቦው አጥር ሥር የነበረው ሣር አለቀ። ብስክሌት ባለፈ ቁጥር ከአንዱ ጫፍ እስከ ሌላው አብሮ ይሮጣል፣ ይቆማል፣ ቀጣዩን ይጠብቃል። ቤተሰቡ ደስ አላቸው። «ራሱን እያጫወተ ነው» አሉ።

ዓመት ሲሞላው የልጆቹ ጓደኞች ሳሎን ውስጥ ሲሯሯጡ ተረከዛቸውን መቆንጠር ጀመረ። ደም የለም፣ የተቀደደ ካልሲ ብቻ። ቀጥሎ ደግሞ ትንሹ ልጅ የኋላ እግሩን ሲነካው ያጉረመርም ጀመር። ማበጠሪያ ሲያይ ጠረጴዛ ሥር ይገባል።

አንድ ቀን የፊት በር ክፍት ሆኖ ሲያገኘው ወጣና በብስክሌት የሚያልፍ ልጅ ሱሪ ቀደደ። ልጁ አልቆሰለም፣ ግን ወደቀ። ወላጆቹ አመለከቱ፤ ከማዘጋጃ ቤት ደብዳቤ መጣ። በሆላንድ ከንቲባው አንድ ውሻ ያለ ማሰሪያና ያለ አፍ መሸፈኛ ከቤት እንዳይወጣ ማዘዝ ይችላል። ውሻው ላደረሰው ጉዳት ደግሞ ተጠያቂው ባለቤቱ ነው። ደብዳቤው ለጊዜው ማስጠንቀቂያ ብቻ ነበር፤ እናትየዋ ግን ከዚያ በኋላ እንቅልፍ አጣች። የግራ ጎረቤታቸው የሆኑ አዛውንትም ጩኸቱ አላስቀምጥ ስላላቸው ሁለት ጊዜ በር አንኳኩተው ነበር።

## መጀመሪያ የተሞከረው

አባትየው የወሰደው እርምጃ ማንም የሚወስደው ነው። ጠዋት ጠዋት ውሻውን ከብስክሌት ጎን ያስሮጠው ጀመር። ማታ ደግሞ ሜዳ ላይ ኳስ እየወረወረ ያባርረዋል። ውሻው ከሳ፣ ጡንቻው ወጣ፣ ትንፋሹ በረታ። ቤት ሲገባ ውኃ ይጠጣና ወደ መስኮቱ ይሄዳል። አባትየው ርቀቱን ጨመረ። ውሻው እሱንም ለመደው።

ቀጥለው አንድ አሠልጣኝ ቀጠሩ። የሰውየው ሐሳብ ባጭሩ «ውሻው አለቃ መስሎታል፣ አለቃው ማን እንደሆነ አሳዩት» የሚል ነበር። ማሰሪያውን በኃይል እየሳቡ መቅጣት፣ ሲያጉረመርም መገሠጽ። ወደ ውስጥ የሾለ ብረት ያለው የአንገት ማሰሪያ እንዲገዙም ነግሯቸዋል። ይህ ማሰሪያ ከጁላይ 1 ቀን 2018 ጀምሮ በሆላንድ የተከለከለ ነው፤ እናትየዋ ይህን ስታውቅ ሥልጠናው ቆመ።

በመሀሉ ግን አንድ ጉዳት ደርሶ ነበር። ውሻው ማጉረምረም ተወ። ቤተሰቡ ይህን እንደ ለውጥ አይተውታል። ለእኔ ከጉዳዩ ሁሉ ያስፈራኝ ይህ ነው። የሚያጉረመርም ውሻ እየነገረህ ነው፤ «ተው፣ አልወደድኩትም» ይላል። ንግግሩን ስትቀጣው ያልወደደው ነገር አይጠፋም፣ የሚጠፋው ማስጠንቀቂያው ነው። ሰው «ድንገት ነከሰኝ» የሚለው ውሻ አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ተደርጎ የተሠራ ነው።

## ጉዳዩ ወደ እኔ ሲመጣ

ውሻ ማሠልጠን ሥራዬ ነው። ወደ እኔ ሲመጡ ውሻው 14 ወር ሆኖት ነበር። ሁለት ነገር ጠየቅኋቸው። አንደኛ፣ ውሻውን ሳልነካው በፊት የእንስሳት ሐኪም ከአፍንጫው እስከ ጭራው እንዲያየው። ሁለተኛ፣ ሰው ቤት በሌለበት ሰዓት ስልክ አስቀምጠው እንዲቀርጹት።

የሐኪሟን ውጤት ላስቀድም። ዳሌው ደህና፣ ጀርባው ደህና። ሐኪሟ ጡንቻውንና አካሄዱን አጥብቃ ያየችበት ምክንያት ነበራት። በዚህ ዝርያ ከ3 እስከ 9 ወር ባለው ዕድሜ የሚጀምር፣ በዘር የሚተላለፍ የጡንቻ መቆጣት በሽታ አለ። ቡችላው አካሄዱ ይበላሻል፣ ሰውነቱ ይደርቃል፣ በሽታው እየባሰ ይሄዳል። የሚመጣው ሁለቱም ወላጆች ተሸካሚ ሲሆኑ ነው፤ የዘረመል ምርመራም አለው። የዚህ ውሻ ወላጆች ስለተመረመሩ ጥርጣሬው ቶሎ ተዘጋ። ሻካራ ጸጉር ባላቸው ላይ ደግሞ የዓይን ምርመራ ይደረጋል፤ የዓይን ፈሳሽ መውጫው በተፈጥሮ ሲጠብ ግላኮማ የሚባለውን የዓይን ግፊት በሽታ ሊያመጣ ይችላል። ዓይኑም ደህና ነበር።

የተገኘው ከጸጉሩ ሥር ነው። የጭኑ ጀርባና የጭራው ሥር ቀልቶ፣ ሁለት ቦታ ላይ ቆስሏል። በጋ ላይ እንዲቀለው ብለው አንድ የውሻ ጸጉር ቤት ወስደው በቶንዶስ አስላጭተውት ነበር። ሻካራ ጸጉር ደግሞ በቶንዶስ አይሆንም። በዓመት ሁለት ጊዜ ገደማ፣ የሞተው ጸጉር ለመውጣት ሲደርስ በእጅ ይነጫል። ከደረሰ ስለሚለቅ ውሻውን አያመውም። በቶንዶስ ሲቆረጥ ግን የሞተው ጸጉር ሥሩ እዚያው ይቀራል፣ የውስጡ ለስላሳ ጸጉር ይጠቀለላል፣ እርጥበት ይይዛል፣ ቆዳው ያሳክካል። ልጁ ሲነካው ያጉረመረመው ስላመመው ነው። እሱን ነበር ሲቀጡት የከረሙት።

## ቪዲዮው

ቪዲዮው ረጅምና አሰልቺ ነበር፤ ከጉዳዩ ሁሉ የተማርኩበት ግን እሱ ነው። ውሻው አልጮኸም፣ ዕቃ አልሰበረም። ከፊት መስኮት ተነስቶ በኮሪደሩ በኩል ወደ ወጥ ቤት ይሄዳል፣ ከወጥ ቤት ወደ ኋላ በር፣ እዚያ ጥቂት ቆሞ ያዳምጣል፣ ከዚያ በመጣበት ተመልሶ ወደ ፊት መስኮት። ደግሞ ከዚያ ተነስቶ ወደ ኋላ በር። መንገዱ ሁልጊዜ አንድ ነው። ተኛ ብላችሁ ስታስቡ ጆሮው ቀጥ ይላል፣ ብስክሌት ያልፋል፣ ይነሳል፣ ዙሩን ይጀምራል።

የተሰላቸ ውሻ እንዲህ አያደርግም። የተሰላቸ ውሻ ጫማ ይበላል። ይህ ሥራ ላይ ነው። ቤቱን ማሳ አድርጎታል፣ መስመሩንም ራሱ አስምሯል። ተረኛው የማይመጣለት ዘበኛ ሆኗል፤ መንጋው የሚገባበት ማታ ስለሌለ ሥራው መቼም አያልቅም። በዚህ ላይ ጠዋትና ማታ እያስሮጡ ጉልበቱን ገነቡለት።

«ታዲያ ስንት ኪሎ ሜትር ላስሩጠው?» አለኝ አባትየው።

«ቀንስለት» አልኩት። አላመነኝም፤ ፊቱ ላይ ይታይ ነበር። ስለዚህ ከመከራከር ይልቅ ለጥቂት ቀን ውሻው ስንት ሰዓት እንደሚተኛ እንዲጽፍ አደረግሁ። አዋቂ ውሻ ከ24 ሰዓት ውስጥ ከግማሽ በላይ መተኛት ይገባዋል። የዚህኛው ቀን ላይ ምንም የለም ማለት ይቻላል። ወረቀቱን ካየ በኋላ አልተከራከረም።

## የወሰድናቸው እርምጃዎች

መጀመሪያ ቆዳው ይዳን አልን። መድኃኒት ተሰጠው፤ እስኪያልቅለት ማንም የኋላ እግሩን እንዳይነካ ተባለ። ቁስሉ ሲሽር ሻካራ ጸጉር መንጨት የምትችል ባለሙያ ተገኘች፤ እናትየዋም ከእሷ ተማረች። አንዴ ጥቂት ብቻ መንጨት፣ ቁራሽ መስጠት፣ ማቆም። የተላጨው ጸጉር ጥንካሬውና ቀለሙ ለመመለስ ብዙ ወር ፈጅቶበታል። በዚህ መሀል ኳሱ ተሰወረ፣ የብስክሌቱ ሩጫም ቀረ።

ከዚያ መስመሩን ዘጋንበት። የፊት መስኮቱ ታችኛ ግማሽ ብርሃን የሚያስገባ ነገር ግን የማያሳይ ላስቲክ ተለጠፈበት። የሽቦው አጥር ላይ ጣውላ ተመታበት። ግቢ የሚወጣው ከሰው ጋር፣ በማሰሪያ ብቻ ሆነ። ቀላል ይመስላል። የመጀመሪያው ሳምንት ግን ከባድ ነበር፤ ማየት ሲከለከል ድምፅ በሰማ ቁጥር መጮኽ ጀመረ፣ ጎረቤቱ አዛውንትም ሦስተኛ መጡ። እናትየዋ በር ላይ አስቁማ ሁሉንም ነገር አስረዳቻቸው። ይህ በኋላ ጠቀመን።

መስመር መዝጋት ብቻውን ግን ከሥራ ማባረር ነው፤ ይህን ውሻ ከሥራ አባርረህ ሌላ ካልሰጠኸው ራሱ ይፈልጋል፣ የሚመርጠውን ደግሞ አትወደውም። ስለዚህ መጀመሪያና መጨረሻ ያለው ሥራ ሰጠነው። ደረቱ ላይ የሚታሰር ማሰሪያ ተገዛለት። እሱ ሲታሰር ሥራ ነው፤ ሲፈታ ሥራ አበቃ። ይህን በፍጹም አላቀላቀልንም። ከከተማው ወጣ ብሎ በሚገኝ የሣር ሜዳ ጠርዝ ላይ፣ በታጨደውና ባልታጨደው ሣር መካከል ያለውን መስመር ይዞ በእርምጃ መመላለስ ተማረ። በእርምጃ ነው የምለው፤ ሩጫ የለም። ሲያልፍ ይመለሳል፣ ሲመለስ ይወደሳል። ለማየት የሚያዝናና ነገር የለውም። እሱ ግን ፊቱ ተለወጠ፤ አፉ ላላ፣ ጭራው ወረደ፣ ትንፋሹ ረገበ።

ሁለተኛው ሥራ ማሽተት ነው። ልጅቷ ጓንቷን ትደብቃለች፣ እሱ ይፈልጋል። በኋላ ራሷ ትደበቅ ጀመር። ትንሹ ልጅም ተጨመረ። ይህ ያልጠበቅሁትን ነገር አመጣ፤ ልጆቹ የሚመለሱ በጎች መሆናቸው ቀረና ከእሱ ጋር የሚሠሩ ሰዎች ሆኑ። ተረከዝ መቆንጠሩ ቤት ውስጥ የቆመው ከዚህ በኋላ ነው። ልጆቹ ሳሎን ውስጥ አለመሯሯጣቸውም ረድቷል፣ አልዋሽም።

ዕረፍቱ ራሱን ችሎ ሥልጠና ፈልጓል። ከፎቅ ላይ፣ መንገድ በማያሳይ ክፍል ውስጥ ምንጣፍ ተነጠፈለት። ከሰዓት በኋላ እናትየዋ እዚያው ኮምፒውተር ላይ ስትሠራ እሱ አጠገቧ ይተኛል። መጀመሪያ ዓይኑ ፈጥጦ ነበር የሚተኛው። ቀስ በቀስ በጎኑ መጋደም ጀመረ፣ ከዚያ ማንኮራፋት። አባትየው የመጀመሪያውን ማንኮራፋት ቀርጾ ላከልኝ።

ብስክሌቱ የመጨረሻው ሥራ ነበር። በመጀመሪያ የአፍ መሸፈኛ አስለመድነው፤ ምግብ ውስጡ እያደረግን፣ ሳንቸኩል፣ ራሱ አፍንጫውን እስኪያስገባ። ቀጥሎ የቆመ ብስክሌት ከሩቅ። አይቶት ወደ እኛ ከተመለሰ ቁራሽ ያገኛል። ከዚያ የሚገፋ ብስክሌት፣ ከዚያ ቀስ ብሎ የሚነዳ። ነጂ ያስፈልገን ነበር። ሦስት ጊዜ በር ያንኳኩት አዛውንት ፈቃደኛ ሆኑ። «አንድ ቅድመ ሁኔታ አለኝ፣ ከውሻው ጋር አላወራም» አሉ። እኔም የምፈልገው እሱን ነበር። ሰው የሌለበት ፓርኪንግ ውስጥ ወዲያና ወዲህ ሲነዱ ዋሉ፣ አንድ ቃል ሳይናገሩ።

## ያልሠራው

በጎች። አባትየው «እረኛ ውሻ ከሆነ በግ እናሳየው» አለና እረኛ ውሾች ወደሚሠለጥኑበት ቦታ ወሰደው። ውሻው ጎበዝ ነበር፤ ጠርዙን ማንም ሳያስተምረው ያዘ። ነገር ግን ከዚያ ሲመለስ ለሁለት ቀን ያህል ጆሮው አልወረደም፣ ቤት ውስጥ ያለውን ዙር እንደገና ጀመረው። መንገዱም ሩቅ ነበር። በየሳምንቱ አንዴ በግ ማየት ለዚህ ውሻ ጥሙን ከመቀስቀስ አያልፍም። ተውነው።

ጊዜያዊ የማኮላሻ መድኃኒት ከቆዳው ሥር ተቀብሮለት ነበር። ለሌላ ወንድ ውሻ ያለው ጠባይ ትንሽ ረገበ፤ ለብስክሌት ያለው ጠባይ ግን ንቅንቅ አላለም። ሲያልቅ አልደገሙትም።

ብዙ ውሻ የሚገኝበት አዳራሽ ውስጥ የሚሰጥ የቡድን ሥልጠና አንዴ ሞክረው ተዉት። ምግብ የሚደበቅበት መጫወቻም አልረዳም፤ አስቦ ከመክፈት ይልቅ ግድግዳ ላይ ወርውሮ ይሰብረዋል።

ፋትባይክ የሚባለው ወፍራም ጎማ ያለው የኤሌክትሪክ ብስክሌት እስከ ዛሬ ችግር ነው። ድምፅ ሳያሰማ ከኋላ ደርሶ ያልፋል፣ ውሻው ለመወሰን ጊዜ አያገኝም። ትምህርት ቤት የሚለቀቅበት ሰዓት ላይ በዚያ በኩል አይሄዱም። ጥሩ ውሳኔ ነው፤ ሁሉንም ቦታ መልመድ አለበት ያለ ማንም የለም።

## አሁን ያለበት

ሁለተኛ ዓመቱን አልፏል። ከደብዳቤው በኋላ ሌላ አቤቱታ አልመጣም። የብስክሌቱ ሩጫ በሳምንት ጥቂት ቀን፣ አጠር ብሎ፣ ከሥራ በኋላ ተመልሷል። ከቤት ሲወጣ የአፍ መሸፈኛውን ሰው የሚበዛበት ቦታ ላይ ብቻ ያደርጉለታል። ጸጉሩ እንደ ድሮው ሸካራና ዥንጉርጉር ሆኗል። ማጉረምረሙም ተመልሷል፤ ጥፍሩ ሲቆረጥ ያሰማል፣ እናትየዋ ቆም ትላለች፣ ከዚያ ይቀጥላሉ። ማሰሪያው ተረስቶ በር ላይ ከተንጠለጠለ ሥሩ ተቀምጦ ይጠብቃል፣ ይህ ደግሞ አንዳንዴ ያበሳጫቸዋል።

## ለሌላ ሰው የሚጠቅመው

«እረኛ ውሻ ነው» የሚለው መልስ አይበቃም። ምን ዓይነት እረኛ? የሚሰበስብ፣ የሚነዳ ወይስ ዳር የሚጠብቅ? የሚሰበስብ ውሻ ቤት ውስጥ ሰዎችን አንድ ክፍል ውስጥ ለማጎር ይሞክራል፤ ዳር የሚጠብቅ ደግሞ መስኮትና አጥር ይይዛል። ችግሩ አንድ ቢመስልም መፍትሔው የተለያየ ነው። ውሻህን ሰው በሌለበት ቅረጸው፤ የሚሄድበትን መንገድ ተከተል፣ ይነግርሃል።

እንቅስቃሴ ከመጨመርህ በፊት እንቅልፉን ቁጠር። ደች ሼፐርድ በቂ እንቅስቃሴ ይፈልጋል፤ ያለ እንቅስቃሴ ማሳደግ ግፍ ነው። ኳስ ሺህ ጊዜ መወርወር ግን እንቅስቃሴ ሳይሆን ሱስ ማስያዝ ነው፣ በተለይ አለመሰልቸት በተፈጥሮው ላለበት ውሻ።

ጠባይ ሲለወጥ መጀመሪያ ሕመም ፈልግ። አጭር ጸጉር ያለው ውሻ ብዙ ማበጠር አይጠይቅም፣ ጸጉሩ በሚረግፍበት ወቅት ብቻ ይበዛል። ረጅሙ አዘውትሮ መበጠር አለበት። ሻካራው መነጨት አለበት፣ ቶንዶስ ይዞ የሚጠብቅህን ሰው አመስግነህ ውጣ። ቡችላ ከመግዛትህ በፊት ደግሞ አርቢውን ስለ ጡንቻ በሽታው የዘረመል ምርመራ፣ ስለ ዳሌና ስለ ዓይን ጠይቀው፤ ጥያቄው ካናደደው ሌላ ቦታ ሂድ። የሚቻል ከሆነ እናቲቱን እቤቷ እያት፣ ሰው በር ሲያንኳኳ ምን እንደምታደርግ ተመልከት። ወላጆቹ የፖሊስ ሥልጠና መስመር ከሆኑና አንተ የምትፈልገው የልጆች ጓደኛ ከሆነ፣ አርቢው ራሱ ሊመልስህ ይገባል።

ቤተሰቡ በቅርቡ ሌላ ጥያቄ ጠየቁኝ። ብቻውን እንዳይሆን ሁለተኛ ውሻ፣ ያውም ከዚሁ ዝርያ፣ ብንጨምርስ? አይሆንም አልኳቸው። ቡችላ መስኮት ላይ መቆምን ከትልቁ ይማራል፣ ይኼኛው ደግሞ ዙሩን ከተወ ገና ብዙም አልቆየም። ላስቲኩ ከመስኮቱ ላይ ተነስቶ፣ ብስክሌት እያየ የሚተኛበት ጊዜ ከመጣ ያኔ እንነጋገራለን።